እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ቤንዚን ሊቀር ነው፤ ለኦ-320 እና ለአይኦ-360 አሁን ምን ይደረግ?

ክንፈ_ነፋስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሁለት አውሮፕላኖችን ይመለከታል፤ ሁለቱም በአሜሪካ መዝገብ ያሉ ናቸው። አንዱ ሴስና 172ኤም ሲሆን ሞተሩ ሊኮሚንግ ኦ-320-ኢ2ዲ፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ ኮምፕሬሽን ሬሾው 7 ለ 1 ነው። ሌላው ሙኒ ኤም20ጄ ነው፤ አይኦ-360-ኤ3ቢ6ዲ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ 8.7 ለ 1። ሁለቱም የሚሠሩት እርሳስ ባለበት የአውሮፕላን ቤንዚን፣ በ100ኤልኤል ነው። ሴስናው የታችኞቹ ካንዴላዎቹ በእርሳስ እየተዘጉ ያስቸግራል። የሙኒው ሞተር ደግሞ ኦቨርሆል (ተፈትቶ የሚደረግ ሙሉ እድሳት) ደርሶበታል።

ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። 100ኤልኤል በእርግጥ የሚቀረው መቼ ነው? ሴስናውን ከአሁኑ እርሳስ ወደሌለበት ዩኤል94 ማዞር ያዋጣል? የሙኒውስ ኦቨርሆል አሁን ይሠራ ወይስ የነዳጁ ጉዳይ እስኪለይ ይቆይ? አሁን ከተሠራስ ምን ቢመረጥ ይሻላል?

---

የነዳጅ_ናሙና

ከቀኑ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የተቆረጠ ቀን የለም፤ ያሉት በተለያየ አቅጣጫ የሚጎትቱ ሕጎች ናቸው። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ከኢንዱስትሪው ጋር በ2022 በጀመረው ኢግል በተባለው ፕሮግራም እርሳሱን እስከ 2030 መጨረሻ ለማስቀረት አቅዷል። የአካባቢ ጥበቃው ኢፒኤ በኦክቶበር 2023 ከእነዚህ ሞተሮች የሚወጣው እርሳስ ለሕዝብ ጤና አደጋ ነው ብሎ ወስኗል። ይህ ውሳኔ በራሱ ነዳጁን አያግድም፤ ደንብ የማውጣት ግዴታን ግን ያስከትላል። በሌላ በኩል በሜይ 2024 የጸደቀው የኤፍኤኤ ሕግ በ2022 100ኤልኤል ይሸጡ የነበሩ ኤርፖርቶች ሽያጩን እንዳያቋርጡ ያስገድዳል። ግዴታው የሚቆየው እስከ 2030 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሊነሳ የሚችለው ለሁሉም ማለት ይቻላል ለፒስተን አውሮፕላኖችና ሞተሮች የተፈቀደና የኢንዱስትሪውን የጋራ ስታንዳርድ ያሟላ ምትክ እዚያው ኤርፖርት ላይ ሲገኝ ነው። ለአላስካ ጊዜው እስከ 2032 ይዘልቃል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 1, 2031 ጀምሮ ሽያጩን የሚከለክል የራሷን ሕግ አውጥታለች።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበው አቅርቦቱ ነው። እርሳሱ የሚገባው ቴትራኤቲል ሌድ በሚባለው ኬሚካል ነው፤ ለምዕራቡ ዓለም ገበያ የሚያመርተው ደግሞ አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ እንግሊዝ አገር ኤልስሚር ፖርት ያለው የኢኖስፔክ ፋብሪካ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሜይ 1, 2025 ወዲህ ይህን ኬሚካል ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። አንድ ፋብሪካ በአደጋም ሆነ በሌላ ምክንያት ቢቆም የትኛውም ሕግ ነዳጁን አያመጣውም። ስለዚህ 2030ን እንደ ዋስትና አትቁጠሩት።

ወደ ሞተሮቹ ስንመጣ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደሉም። 100ኤልኤል በሞተር ኦክቴን ዝቅተኛው 99.6 ነው፤ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል። "ሎው ሌድ" የተባለው ከእሱ በፊት ከነበረው፣ በሊትር እስከ 1.12 ግራም ከሚይዘው አረንጓዴው 100/130 ጋር ሲነጻጸር ነው። ኦ-320-ኢ2ዲ ሲሠራ ግን የታሰበለት 80/87 ነበር፤ የዚያ ነዳጅ ጣሪያ 0.14 ግራም ነው። ዛሬ ያ ሞተር ከታሰበለት ጣሪያ አራት እጥፍ እርሳስ እየተሰጠው ነው፤ የታችኞቹ ካንዴላዎች የሚዘጉትም በዚህ ነው። ዩኤል94 ኦክቴኑ 94 ስለሆነ ለዚህ ሞተር ተርፎ ይቀራል። ሴስናውን ዛሬውኑ ወደ ዩኤል94 ብታዞሩት አንዳች አታጡም፤ ኤስቲሲውን (አውሮፕላኑን ወይም ሞተሩን ከመጀመሪያው ፈቃዱ ውጭ ለመቀየር የሚሰጠውን ተጨማሪ ፈቃድ) አውጥቶ መቅዳት ነው።

ሙኒው ግን በ94 አይሠራም። 8.7 ለ 1 ያለው ባለ 200 ፈረሱ አይኦ-360 ባለ 100 ኦክቴን ነዳጅ የግድ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ከፒስተን አውሮፕላኖቹ 30 በመቶ ያህሉ 70 በመቶውን ነዳጅ ይጠጣሉ፤ 100 ኦክቴን የሚያስፈልጋቸውም እነዚሁ ናቸው። ችግሩ ያልተፈታውም እዚያ ላይ ነው።

---

ሮከር_አርም

የነዳጅ_ናሙና ስለ ኦክቴኑ የጻፈው ልክ ነው። "አንዳች አታጡም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

ኦክቴን የሚነግረን ነዳጁ ዲቶኔሽንን (ሲሊንደር ውስጥ በድንገት መፈንዳትን) ምን ያህል እንደሚቋቋም ብቻ ነው፤ ስለ ቫልቭ መቀመጫ ምንም አይነግረንም። እርሳስ ሲቃጠል በጭስ ማስወጫ ቫልቩ ፊትና በመቀመጫው መካከል ስስ ሽፋን ይተዋል። ሽፋኑ ሁለቱ የጋሉ ብረቶች እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይቦጫጨቁ ይከላከላል። ሽፋኑ ሲጠፋ መቀመጫው ቀስ እያለ ይበላና ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ የሥልጠና አውሮፕላኖቹን በ2023 አጋማሽ ወደ ዩኤል94 አዙሮ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 100ኤልኤል የመለሳቸው ይህንኑ መበላት ስላገኘ ነው። ሊኮሚንግ ከምርመራው በኋላ በአንዳንድ የአሠራር ሁኔታዎች የነዳጁ የአሮማቲክ (ኦክቴን የሚያሳድጉ የቤንዚን ውህዶች) መጠን ለዚህ ትልቅ አስተዋጽኦ እንዳለው ገልጿል። እንግዲህ ጉዳዩ የእርሳስ መኖር አለመኖር ብቻ አይደለም፤ እርሳሱ ሲወጣ በቦታው የገባው ነገርም ይቆጠራል። ኢ2ዲው ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ስላለው የግድ ያው ይደርስበታል አልልም። ሳይለኩ መጀመር ግን ስህተት ነው፤ በኋላ ቢበላ ከየት ተነስቶ እንደተበላ የሚያውቅ አይኖርም።

የሚለካው የደረቅ ታፔት ክፍተት ነው፤ ታፔቱ ዘይት ሳይኖረው በሮከሩ (ቫልቩን በሚገፋው ክንድ) እና በቫልቩ ዘንግ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት። መጀመሪያ ማግኔቶዎቹ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት) መጥፋታቸውንና ወደ መሬት መያያዛቸውን ያረጋግጡ፤ ከየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካንዴላ ያውጡ። የሮከር ሽፋኑን ከፍተው የሚለካውን ሲሊንደር ፒስተን በኮምፕሬሽን ምት ወደ ላይኛው ጫፍ ያምጡ። ሮከሩንና ፑሽ ሮዱን አውጥተው የሃይድሮሊክ ታፔቱን ፕለንጀር ያውጡና ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አንጠፍጥፈው መልሰው ይግጠሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕለንጀሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ከቀረ ክፍተቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል፤ የሌለ ችግር ያሳያል። ከዚያ በሮከሩና በቫልቩ ዘንግ ጫፍ መካከል በፊለር ጌጅ ይለኩ። የሊኮሚንግ ገደብ ከ0.028 እስከ 0.080 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር ከ0.71 እስከ 2.03 አካባቢ። የስምንቱንም ቫልቮች ንባብ በሞተሩ ሎግቡክ ላይ ይጻፉት።

ቫልቩ ወደ ቴስታታው ሲሰምጥ ዘንጉ ወደ ሮከሩ ይቀርባል፤ ስለዚህ መበላት የሚታየው ክፍተቱ ሲጠብ ነው። ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የጋለ ጋዝ በጠርዙ እያፈተለከ ቫልቩን ያቃጥለዋል። አጠር ያለ ፑሽ ሮድ አስገብቶ ክፍተቱን ወደ ገደቡ መመለስ ይቻላል፤ የተበላው መቀመጫ ግን እንደተበላ ነው።

ነዳጁ ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት ከ50 ሰዓት በላይ ባይቆይ እመክራለሁ። አንድ ቫልቭ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጠበበ በ80 ፒኤስአይ የሚደረገውን የኮምፕሬሽን ፍተሻ ጨምሩበት፤ አየሩ በጭስ ማውጫው በኩል ሲያፏጭ ከተሰማ ጉዳዩ የቫልቭ ነው። የኮምፕሬሽን ፍተሻውን ብቻ ማመን ግን አይገባም። መቀመጫው እየተበላ ክፍተቱ እስካላለቀ ድረስ ቫልቩ በደንብ ስለሚዘጋ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ይቆያል።

---

ቶርክ_ሬንች

ስለ ሙኒው ልጨምር። ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ከሞተሩ ይልቅ ክንፉ ነው የሚያሳስበኝ።

ሴስና 172ኤም ላይ ነዳጁ የሚቀመጠው ለብቻው በተሠራ የአሉሚኒየም ታንክ ውስጥ ነው። ኤም20ጄ ላይ ግን ታንኩ ራሱ ክንፉ ነው፤ ነዳጁን የያዘው በየመገጣጠሚያው የተቀባው ሲላንት (ማሸጊያ ቅባት) ብቻ ነው። ከ100ኤልኤል ምትኮች መካከል ሰፊ ፈቃድ ያገኘው ጋሚ የተባለው ድርጅት ጂ100ዩኤል ነው፤ ኤፍኤኤ በሴፕቴምበር 2022 በዝርዝሩ ላሉት በካንዴላ ለሚሠሩ የፒስተን ሞተሮችና አውሮፕላኖች ሁሉ ኤስቲሲ ሰጥቶታል፤ አይኦ-360-ኤ3ቢ6ዲም ከዚያ ውስጥ ነው። ኦክቴኑን ያገኘው በዋናነት ከአሮማቲኮች ነው። አሮማቲክ ደግሞ ጎማን ያሳብጣል፤ ቀለምንና ያረጀ ሲላንትን ሊያለሰልስ ይችላል። በ2024 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሪድ-ሂልቪውና በዋትሰንቪል መሸጥ ከጀመረ በኋላ የቀለም መላጥና የታንክ ማፍሰስ ሪፖርቶች ወጥተዋል። አምራቹ ጉዳቱ የመጣው አስቀድሞ ካረጀ ሲላንትና ቀለም ነው ብሎ ይከራከራል። አውሮፕላን አምራቹ ሲረስ ግን በጁን 2024 ለኤስአር አውሮፕላኖቹ እንደማይቀበለው ለባለቤቶች አስታውቋል። ማንኛቸውም ትክክል ይሁኑ፣ ለአሮጌ ሲላንት የሚወሰደው ጥንቃቄ አንድ ነው።

ስለዚህ ኦቨርሆሉ ሲሠራ አውሮፕላኑ መቆሙ ስለማይቀር ታንኩንም በዚያው አስፈትሹት። ሙሉ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት አቁሙትና የክንፉን ሆድ፣ የመንኮራኩሩን ጉድጓድና የክንፉን ሥር እዩ። 100ኤልኤል ሲተን ሰማያዊ ቀለሙን ትቶ ስለሚሄድ አሁን ማየት ቀላል ነው። ምልክቱን በማርከር አክብቡና ቀን ጻፉበት፤ በመጻፊያ እርሳስ አታክብቡ፤ የመጻፊያው ግራፋይት አሉሚኒየምን ያስበላል። ከአንድ በላይ ቦታ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ካለ እየለጣጠፉ ከመሄድ አሮጌውን ሲላንት ሙሉ በሙሉ አስልጦ እንደገና ማስቀባት ይሻላል። በአሮጌ ሲላንት ላይ አዲስ ነዳጅ መሞከሩ ግን በኋላ ካፈሰሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ኦቨርሆሉን ማዘግየቱን አልደግፍም። የነዳጁ ጉዳይ እስኪለይ ዓመታት ሊሄድ ይችላል፤ ያለቀ ሞተር ደግሞ አይጠብቅም። ሲሠራ ግን የጎማ ነገር ሁሉ ይቀየር፤ የነዳጅ ሆዞች፣ የፊውል ሰርቮው ዲያፍራሞችና ማሸጊያዎች፣ በሞተር የሚሠራው ፓምፕ ዲያፍራም፣ የታንክ ክዳንና የማንጠፍጠፊያ ቫልቮቹ ኦ-ሪንጎች። ኮምፕሬሽን የሚጨምር ፒስተን እንዳታስገቡ። የማግኔቶው ታይሚንግ በሞተሩ ዳታ ፕሌት የተጻፈው ይሁን፤ ማቀጣጠያውን የሚያስቀድም ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ከዲቶኔሽን የሚጠብቀውን ርቀት ስለሚበላ ነዳጁ እስኪታወቅ ባይገባ ይመረጣል። የየሲሊንደሩን ሙቀት ለየብቻ የሚያሳይ የሞተር ሞኒተር ከሌለው አሁን ይግባለት። የሊኮሚንግ ጣሪያ 500 ዲግሪ ፋረንሃይት ቢሆንም በበረራ ከ400፣ ማለትም ከ204 ሴልሺየስ በታች መያዝ ነው የሚበጀው። የአንድ ሲሊንደር ሙቀት በፍጥነት እየወጣ የጭሱ ሙቀት ከወረደ ዲቶኔሽን ወይም ቀድሞ መቀጣጠል ነው። ኃይል መቀነስ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ) ማወፈር፣ ካውል ፍላፕ (የሞተር ማቀዝቀዣ አየር ክዳን) መክፈት፣ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ኦቨርሆሉን ከሚሠራው ድርጅት ጋር ከመፈራረም በፊት የትኛው ነዳጅ ዋስትናውን እንደሚያፈርስ በጽሑፍ አስቀምጡ። ኤስቲሲ መኖሩ በሕግ መብረር ይቻላል ማለት እንጂ የሞተር አምራቹ ዋስትና ይቀጥላል ማለት አይደለም። ሊኮሚንግ የሚቀበላቸው ነዳጆች በሰርቪስ ኢንስትራክሽን 1070 በሞተር ሞዴል ተዘርዝረዋል፤ የመጨረሻውን እትም መመልከት ነው።

---

ክንፈ_ነፋስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቫልቩ ልኬት ነገር በፍጹም አልታሰበም ነበር። አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ መነሻው ላይ አንዱ ነዳጅ፣ መድረሻው ላይ ሌላው ቢሆን መቀላቀል ይቻላል? ለሴስናውስ የመኪና ቤንዚን ያዋጣል?

---

የነዳጅ_ናሙና

በመጀመሪያ፣ ሮከር_አርም ያረመኝ ተገቢ ነው። ሴስናውም ቢሆን መነሻ ልኬቱ ሳይጻፍ አይቀየር።

መቀላቀልን በተመለከተ፣ ዩኤል94 እና 100ኤልኤል በየትኛውም መጠን ይቀላቀላሉ። ለሴስናው ችግር የለም። ለሙኒው ግን ድብልቁ ኦክቴኑ ስለሚወርድ ግማሽ ታንክ 100ኤልኤል ላይ ዩኤል94 መጨመር ክልክል ነው። ጂ100ዩኤልም ከ100ኤልኤል ጋር ይቀላቀላል። አደጋው አዲሶቹ ባለ 100 ኦክቴኖች እርስ በርስ ሲገናኙ ነው። ስዊፍት የተባለው ድርጅት 100አር እና ጂ100ዩኤል አይቀላቀሉም። 100አር በሴፕቴምበር 2024 የመጀመሪያውን ኤስቲሲ ያገኘው አይኦ-360-ኤል2ኤ ለተገጠመላቸው 172አር እና 172ኤስ ነው፤ ስለዚህ "እርሳስ የሌለበት 100" የሚል ጽሑፍ ፓምፕ ላይ አይታችሁ ለሙኒው እንዳትቀዱ፤ ስሙንና የኤስቲሲውን የሞዴል ዝርዝር እዩ። በታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ቀለም ብቻውን አይነግራችሁም፤ 100ኤልኤል ሰማያዊ፣ ጂ100ዩኤል ቢጫማ፣ ዩኤል94 ቀለም የሌለው ነው፤ ሲደባለቁ ግን መለየት ያቅታል። ከአንድ በላይ አብራሪ የሚጠቀምበት አውሮፕላን ከሆነ በየቅጃው የነዳጁ ስም፣ መጠንና ቀን የሚጻፍበት ካርድ ኮክፒት ውስጥ ይቀመጥ።

ክብደቱም ይለያያል። 100ኤልኤል በሊትር 0.72 ኪሎ ያህል ሲሆን ጂ100ዩኤል 0.755 አካባቢ ነው። በሙኒው 242 ሊትር ላይ ወደ 8.5 ኪሎ ይጨምራል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የክብደትና ሚዛን ስሌቱ በአሮጌው ቁጥር ከቀጠለ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ መጥፎው አቅጣጫ ነው። በተጨማሪ የኤስቲሲ ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለአውሮፕላኑ። በታንኩ አፍ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ፣ የበረራ መመሪያው ተጨማሪ ገጽና የሎግቡክ ምዝገባው ካልተሟሉ ሥራው አልተጠናቀቀም።

የመኪና ቤንዚን ለኢ2ዲው ኤስቲሲ አለው። ሁለት እንቅፋት ግን አለ። አንደኛው ኢታኖል ነው፤ በእነዚህ ኤስቲሲዎች ኢታኖል ያለበት ቤንዚን አይፈቀድም። ውኃ ይስባል፤ ማሸጊያና የካርቡሬተር ተንሳፋፊ ያበላሻል። ባለ 100 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡና እስኪረጋ ጠብቁ። የውኃው መስመር ከ10 በላይ ከወጣ ኢታኖል አለበት፤ አትቅዱ። ሁለተኛው ትነት ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን የእንፋሎት ግፊቱ ከ38 እስከ 49 ኪሎ ፓስካል ተገድቦ ነው የሚመረተው፤ የመኪናው፣ በተለይ ለቀዝቃዛ ወቅት የተዘጋጀው፣ ከዚያ በጣም ይበልጣል። በሙቀትና በከፍታ ቱቦ ውስጥ ይተንና ሞተሩን ያስርበዋል። ዩኤል94 ከተገኘ የመኪናውን አልመርጥም።

---

ሮከር_አርም

ዩኤል94 እስኪገኝና ልኬቱ እስኪሠራ ድረስ የሴስናው ካንዴላ በ100ኤልኤልም ቢሆን እንዲህ መዘጋት የለበትም። ነዳጁ ውስጥ ከእርሳሱ ጋር ኤቲሊን ዳይብሮማይድ አለ፤ እርሳሱን ወደ ሌድ ብሮማይድ ቀይሮ በጭስ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ይህ ግን ሙቀት ይፈልጋል። መሬት ላይ በወፍራም ሚክስቸርና በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የካንዴላው ጫፍ ስለማይግል እርሳሱ ግራጫ እንክብል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሳ ሚክስቸሩን ዙሩ ከፍ ብሎ መውረድ እስኪጀምር ድረስ አሳሱት፤ ጋዝ ቢሰጠው የሚያደናቅፈው ያህል ይሳሳ። በግማሽ ማሳሳት አይጠቅምም፤ ተረስቶ ለመነሳት ከተሞከረ ሞተሩ ወዲያው እንዲያሳውቅ ነው የሚፈለገው። ከማጥፋት በፊት በ1,800 ዙር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያሠሩት፣ ወደ 1,000–1,200 ያውርዱት፣ ወዲያው በሚክስቸር ያጥፉት።

ካንዴላዎቹ ሲወጡ እንክብሉን በመፈልቀቂያ አጽዱ፤ ሴራሚኩን እንዳትነኩ። ክፍተቱ ከ0.016 እስከ 0.021 ኢንች፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ከ5,000 ኦም በታች ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው፣ ይቀየር። ሲመለሱ የታችኞቹን ወደ ላይ፣ የላይኞቹን ወደ ታች አዙሩ።

ዘይቱም ይታሰብበት። እርሳስ ባለበት ነዳጅ ላይ ሙሉ ሲንቴቲክ ዘይት አይግባ፤ እርሳሱን ተሸክሞ መቆየት ስለማይችል ጭቃ ሆኖ ይረጋል። ማጣሪያ ካለው በ50 ሰዓት፣ ወንፊት ብቻ ካለው በ25 ሰዓት፣ ሰዓቱ ባይሞላም በአራት ወር መቀየር አለበት። በላብራቶሪ የሚመረመር ከሆነ የአሁኑ የእርሳስ ንባብ ከነዳጁ ስለሚመጣ ስለ ቤሪንጎቹ የሚናገረው የለም። ወደ ዩኤል94 ከተዞረ በኋላ ቁጥሩ በሁለት በሦስት የዘይት ቅያሪ እየወረደ ይሄዳል። ከረጋ በኋላ እንደገና ከወጣና ታንኩ ውስጥ 100ኤልኤል እንዳልተጨመረ ካርዱ ካሳየ፣ ያኔ የሚታየው የቤሪንግ እርሳስ ነው፤ የዘይት ማጣሪያው ተቆርጦ ይታይ።